ብሬከንሪጅ በሰመር፦ በረዶው ሲቀልጥ ወደ ስኪ ከተማ ለዕረፍት ስለመውጣት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዴንቨርና በኦሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የሮኪ ተራሮችን ሰንሰለት በየቀኑ በስተምዕራብ እያየን ሥራ እንገባለን፤ ብዙዎቻችን ግን ተራሮቹን የምናውቃቸው ከሩቅ ብቻ ነው። «ስኪ አልችልም፤ እዚያ ወጥቼ ምን ልሠራ?» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። ይህ ገጽ የተዘጋጀው ከኮሎራዶ የስኪ ከተሞች አንዷን፣ ብሬከንሪጅን፣ በሰመር ወራት ለመጎብኘት ለሚያስቡ፣ በተለይም ከአገር ቤት የመጡ ወላጆችን ወይም ትንንሽ ልጆችን ይዘው ለጥቂት ቀናት ማረፍ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። «ሰመር» የሚለውን ቃል እንዳለ የወሰድነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጁን፣ ጁላይና ኦገስት በአገራችን ክረምት ስለሆኑ «በጋ» ብንል አገር ቤት ሆኖ የሚያነበውን፣ «ክረምት» ብንል ደግሞ እዚህ ያደገውን ልጅ እናሳስታለን።

በረዶ ከሌለ በስኪ ከተማ ምን ይገኛል?

ብሬከንሪጅ ከስኪው በፊት የነበረች ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በአካባቢው ወርቅ በተገኘበት በ1859 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የስኪ ሥፍራው የተከፈተው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በዲሴምበር 1961 ነው። በዋናው መንገድ ዳር የሚታዩት ባለቀለም የእንጨት ቤቶች ሁሉም ለቱሪስት ተብለው የተሠሩ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ከማዕድን ዘመን የተረፉ ናቸው። በአቅራቢያዋ ካለችው ከፍሪስኮ ከተማ ወደ ብሬከንሪጅ ሲገቡ በብሉ ወንዝ ዳር ተከምሮ የሚያዩት የድንጋይ ቁልልም ተፈጥሮ ያስቀመጠችው አይደለም። ወርቅ ፍለጋ የወንዙን ወለል እየዛቁ ይጓዙ የነበሩ ትልልቅ ተንሳፋፊ ማሽኖች እስከ 1942 ድረስ ወርቁን ለይተው የተፉት ድንጋይ ነው።

ስኪ የሚደረግበት ተራራ በአብዛኛው የፌዴራል መንግሥት የደን መሬት ስለሆነ ድርጅቱ የሚሠራበት በፈቃድ ነው። በ2011 የወጣ የፌዴራል ሕግ የደን አገልግሎቱ በእነዚህ ሥፍራዎች እንደ ብስክሌት መንገድና በገመድ ላይ መንሸራተት ያሉ የሰመር መዝናኛዎችንም በግልጽ እንዲፈቅድ ስላስቻለ፣ ከዚያ ወዲህ የስኪ ሥፍራዎች የሰመር ሥራ ሰፍቷል። በብሬከንሪጅ ፒክ 8 በሚባለው ተራራ ግርጌ በሐዲድ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ጋሪ፣ ተንሸራታች መስመርና የልጆች መጫወቻ አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ድረስ ይሠራሉ። ልጆች ይወዷቸዋል፤ ዋጋቸው ግን የሚናቅ ስላልሆነ ግማሽ ቀን ይበቃቸዋል ባይ ነኝ። ለዕረፍት የሚወጣ ሰው ዋናውን ነገር የሚያገኘው በነፃ ነው፦ ዴንቨር በሙቀት ስትነድ ሹራብ የሚያስለብስ አየር፣ የወንዝ ድምፅ፣ የጥድ ሽታ፣ ከቀትር በኋላም የሚያስተኛ ዝናብ።

መቼ መሄድ ይሻላል?

ምርጫው የእኔ ቢሆን ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። በጁን መጀመሪያ በከፍተኛ ቦታዎች የክረምቱ በረዶ ገና ስላልቀለጠ ብዙ የእግር መንገዶች ጭቃ ይሆናሉ ወይም በበረዶ ይዘጋሉ፤ አልፎ አልፎ በከተማዋም ላይ በረዶ ይጥላል። የዱር አበባው በብዛት የሚፈካው በጁላይ መገባደጃ ነው። የኮሎራዶ ግዛት መለያ አበባ የሆነችው ሰማያዊና ነጭ ኮሎምባይን ያን ጊዜ በአስፐን ዛፎች ሥር ትታያለች።

የዚህ ወቅት ዝናብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጧት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይነጋል፣ ወደ እኩለ ቀን ደመና ይከማቻል፣ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድና ኃይለኛ ዝናብ ይመጣል፣ አመሻሹ ላይ እንደገና ይጠራል። የአዲስ አበባን ክረምት የሚያውቅ ሰው ፕሮግራሙን እንዴት እንደሚያወጣ ሌላ ሰው ሊነግረው አያስፈልግም፤ መውጣት ጧት፣ መተኛት ከሰዓት በኋላ ነው።

ጁላይ 4 የሚውልበትን ሳምንት ግን ይተዉት። ከተማዋ በሰልፍና በእንግዳ ስለምትሞላ ማረፊያም መኪና ማቆሚያም ይወደዳል። ከተቻለ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት ቀናት በዋጋም በጸጥታም ከቅዳሜና እሑድ ይሻላሉ።

ከፍታው ያሳምማል ወይ?

ሊያሳምም ይችላል፤ የዚህ ጉዞ ትልቁ ጉዳይም ይኸው ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ስትሆን ብሬከንሪጅ 2,926 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ስለሆነ በእያንዳንዱ እስትንፋስ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ወይም የተቆራረጠ እንቅልፍ ያጋጥመዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይሰማውም። ወጣትነትም ሆነ ስፖርተኛነት ከዚህ ዋስትና አይሆንም። እንዲያውም ጉልበተኛው ቶሎ ስለሚሮጥ ቶሎ ይታመማል።

መፍትሔው የመጀመሪያውን ቀን ባዶ ማድረግ ነው። ይህን ምክር ሰው ሁሉ ይሰማዋል፣ የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው፤ ገንዘብ የተከፈለበት ቀን ተቀምጦ ሲያልፍ ያንገበግባልና። ሆኖም በመጀመሪያው ቀን ተራራ የወጣ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን መጋረጃ ዘግቶ ሊያሳልፈው ስለሚችል፣ ሒሳቡ ሲሠራ የሚያዋጣው መቀመጡ ነው። ከተማ ውስጥ በዝግታ ይራመዱ፣ ቀለል ያለ ምግብ ይብሉ፣ በመጀመሪያው ምሽት የአልኮል መጠጥ ይተዉ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ። ውኃ መጠጣት የከፍታ ሕመምን አይፈውስም፤ ነገር ግን የተራራው አየር እጅግ ደረቅ ስለሆነ የሰውነት ፈሳሽ ሳይታወቅ ያልቃል፣ የውኃ ጥም የሚያመጣው ራስ ምታትም ከከፍታው ጋር ይደባለቃል። በሱቆች በጣሳ የሚሸጠው ኦክስጅን ለጥቂት ደቂቃ ቢያቀልም ሕመሙን አያድንም።

እንደ ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ካሉ ዝቅተኛ ቦታዎች የመጣ እንግዳ ቢያንስ አንድ ሌሊት ዴንቨር አድሮ ቢወጣ ይሻለዋል። የልብ ወይም የሳምባ ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ እንዲሁም ሲክል ሴል የተባለው የደም ችግር ያለባቸው ሰዎች ከጉዞው በፊት ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል። ከፍታን ለመልመድ የሚረዳ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ።

አደገኛው ምልክት ሌላ ነው። ሰውየው ቁጭ ብሎ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ የማያቋርጥ ሳል ወይም አረፋ ያለበት አክታ ከመጣበት፣ እንደሰከረ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘባረቀ «ይለቀዋል» ብሎ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ወዲያው ወደ 911 መደወል ወይም ሕመምተኛውን ፍሪስኮ ወደሚገኘው ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል፤ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረዱም ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ከፍታ ለምዶ የለም ወይ?

በከፊል ለምዷል። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከዚያ በቀጥታ የመጣ ሰው ከዴንቨር ነዋሪ ይልቅ ይቀለዋል። የብሬከንሪጅ ከተማ ከእንጦጦ አናት ዝቅ፣ ከአዲስ አበባ መሐል ግን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ብርዷም ከፍታዋም የሚመስለው ደብረ ብርሃንን ነው። እናቴን ይዤ የወጣሁ ጊዜ ከመኪና ወርዳ ዙሪያውን ቃኘችና «ይኼ እኮ ደብረ ብርሃን ነው፤ ዛፉ ብቻ በዛ» አለችኝ። እሷ በወንዙ ዳር ስትንሸራሸር ራሴን ይዤ የተኛሁት አሥራ ሁለት ዓመት ዴንቨር የኖርኩት እኔ ነበርኩ።

ይሁን እንጂ ልማዱ ዘላቂ አይደለም፤ ሰውነት ዝቅ ወዳለ ቦታ ከወረደ በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል። ወላጆች ዴንቨር ከመጡ ሁለትና ሦስት ወር ካለፋቸው ወደ ከፍታ እንደ አዲስ እንደሚወጡ ሊቆጠሩ ይገባል።

በመኪና እንዴት ይኬዳል? ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ከዴንቨር መሐል ብሬከንሪጅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ተጉዘው፣ ፍሪስኮ ላይ በመውጫ 203 ወርደው፣ ከዚያ በሀይዌይ 9 ወደ ደቡብ ይታጠፋሉ። መንገዱ ክፍት ሲሆን አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይበቃል። መንገዱ ክፍት የሚሆንበትን ጊዜ ማወቅ ግን ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ቅዳሜ ጧት መላው ዴንቨር ወደ ተራራ ይወጣል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መላው ዴንቨር ይመለሳል። ቅዳሜ የሚሄዱ ከሆነ ጎህ ሳይቀድ ይውጡ። እሑድ ወይ ጧት በማለዳ ወይ ከእራት በኋላ ይመለሱ። በአይዳሆ ስፕሪንግስ አካባቢ በግራ ጠርዝ ያለው ፈጣን መስመር ክፍያ ስላለው፣ ሳያስተውሉ የገቡበት ሰዎች ሒሳቡ በፖስታ እስከ መኖሪያቸው ድረስ ይመጣባቸዋል።

ከዋናው የተራራ ሰንሰለት የሚያሻግረው የአይዘንሃወር ዋሻ በራሱ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ሁለት ትይዩ ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን አንደኛው በ1973፣ ሁለተኛው በ1979 ተከፍቷል። ርዝመቱ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍታው ደግሞ 3,400 ሜትር ገደማ ነው። ከእሱ በላይ ያለው የተራራ ጀርባ የአህጉሩን ውኃ ለሁለት የሚከፍለው መስመር ነው፤ በምሥራቅ በኩል የወደቀ ዝናብ ወደ ሚሲሲፒ፣ በምዕራብ በኩል የወደቀው ወደ ኮሎራዶ ወንዝ ይሄዳል። ከዋሻው እንደወጡ የሚጠብቅዎት ቁልቁለት ረጅምና ኃይለኛ ነው። ፍሬን ላይ ቆሞ መውረድ ፍሬኑን ስለሚያግል ማርሽ ዝቅ አድርገው በሞተር እየያዙ ይውረዱ፤ የጣርማ በርን ወይም የዓባይን በረሃ ቁልቁለት የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል።

መኪና የሌለው ሰውስ?

ያለ ችግር ይደርሳል። የኮሎራዶ መንግሥት የሚያንቀሳቅሰው ባስታንግ የተባለው አውቶቡስና ፔጋሰስ የሚባሉት አነስተኛ መኪኖች ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ተነስተው ፍሪስኮ ያደርሳሉ። ከፍሪስኮ ወደ ብሬከንሪጅ የሚሄደው ሰሚት ስቴጅ የተባለው የካውንቲው አውቶቡስ ነፃ ነው፤ በብሬከንሪጅ ከተማ ውስጥ የሚሽከረከረውም እንዲሁ ነፃ ነው። መኪና ይዘው የሄዱም ቢሆኑ ማረፊያቸው ላይ አቁመው በእነዚህ ቢጠቀሙ የማቆሚያ ክፍያና ንዝንዝ ይቀርላቸዋል።

ማረፊያ ሲመረጥ ምን መታየት አለበት?

በቡድን ወይም በቤተሰብ የሚሄድ ሰው ከሆቴል ይልቅ ማድ ቤት ያለውን ኮንዶ ቢከራይ ይሻለዋል። የሰመር ዋጋ ከስኪው ወቅት በአብዛኛው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚታየው ዋጋ የመጨረሻው እንዳልሆነ ይወቁ። የጽዳት ክፍያ፣ የሪዞርት ክፍያ፣ የመኪና ማቆሚያና ግብር ሲደመሩ ለአንድ ሌሊት ርካሽ የመሰለው ቤት ውድ ሆኖ ይገኛል። የጽዳቱ ክፍያ ለአንድ ሌሊትም ለአራትም ሌሊት ያው አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ መቆየት ዋጋውን ያመጣጥናል። የመጀመሪያው ቀን ለከፍታው የተሰጠ ነው ካልን፣ ከሦስት ሌሊት በታች የሆነ ጉዞ ዕረፍት ለመባልም አይበቃም።

ብዙዎቹ ቤቶች አየር ማቀዝቀዣ የላቸውም፤ ሌሊቱ ስለሚበርድ አያስፈልግም። ከፍታ የሚያስቸግረው ሰው ካለ ደግሞ ፍሪስኮ ወይም ሲልቨርቶርን ዝቅ ብለው ስለሚገኙ እዚያ አድሮ ብሬከንሪጅን በቀን መጎብኘት ይቻላል።

ምግባችንንና ቡናችንን ይዘን መሄድ እንችላለን?

ይቻላል፤ ይመረጣልም። እንጀራውን ከዴንቨር ወይም ከኦሮራ ገዝቶ፣ ወጡን ቤት ሠርቶ በበረዶ ሳጥን ይዞ መውጣት ከወጪም ከድካምም ያድናል። እዚያ ለማብሰል ካሰቡ ግን ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ምስርና ባቄላ ከዴንቨሩ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ አተር ክክ በተለይ ትዕግሥት ያስጨርሳል። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ያለው ሰው ይዞት ይውጣ።

ቡናን በተመለከተ ከአንድ ችግር የተገኘ ምክር አለኝ። በኮንዶ ውስጥ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል። በአንዳንድ ሕንፃዎች ማስጠንቀቂያው ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ጋር የተያያዘ ስለሆነ የአንድ ስኒ ቡና ነገር የቀይ መኪና ጉዳይ ሆኖ ሊያርፍ ይችላል፤ እኛ ያረፍንበት ቤት ባለቤትም ሳቅ አላገኘበትም ነበር። በረንዳ ላይ በከሰል መቁላት ደግሞ በደረቅ ወቅት በእሳት ክልከላ ምክንያት ሊያስቀጣ ይችላል። ቡናው ቤት ተቆልቶና ተፈጭቶ ይሂድ፤ ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይፈላል፣ ፈንዲሻውም አብሮ አለ።

ያለ ድካም የሚደረግ ምን አለ?

ከከተማዋ ተነስቶ ወደ ፒክ 8 የሚወጣው ጎንዶላ በሰመርም ነፃ ነው። በወፍራም የብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በረግረጉና በጥዱ ላይ በዝግታ ስለሚያልፍ ጉልበት የሚያማቸው አረጋውያን አንድ እርምጃ ሳይወጡ ተራራውን ያዩበታል። እናቴ ሁለት ጊዜ ወጥታ ሦስተኛ ጊዜ «አንዴ ድገሙኝ» ያለችው በእሱ ነበር።

ከብሬከንሪጅ እስከ ፍሪስኮ ያለው የአስፋልት የብስክሌት መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው ለስላሳ ቁልቁለት ነው። ብስክሌት ከብሬከንሪጅ ተከራይተው በወንዙ ዳር እየተንከባለሉ ፍሪስኮ ከደረሱ በኋላ በነፃው አውቶቡስ መመለስ ይችላሉ፤ አውቶቡሱ ብስክሌት የሚሰቀልበት አለው። ለዓመታት ብስክሌት ያልነዳ ሰው እንኳ በዚህ መንገድ አያፍርም። ከዚህ ጉዞ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ልጆች ያሉት ሰው አይዛክ ሃርትስቶን የተባለውን የእንጨት ግዙፍ ሰው ሳያሳያቸው እንዳይመለስ። ቶማስ ዳምቦ የተባለው የዴንማርክ አርቲስት በ2018 የሠራው ይህ ሐውልት በመጀመሪያ በመኖሪያ ሰፈር አጠገብ በሚያልፍ የእግር መንገድ ላይ ስለነበር፣ ሊያየው የሚጎርፈው ሰው ብዛት ነዋሪዎቹን አማረራቸውና በዚያው ዓመት እንዲፈርስ ሆነ። በ2019 በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከበረዶ ሸርተቴ አዳራሹ አጠገብ እንደገና ተሠራ። ከመኪና ማቆሚያው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ አውቶቡስም ያደርሳል።

አመሻሹ ላይ በወንዙ ዳር ባለው ሪቨርዎክ ማዕከል ናሽናል ሪፐርቶሪ ኦርኬስትራ የተባለው የወጣት ሙዚቀኞች ስብስብ በሰመር ያቀርባል። ሣሩ ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጦ ማድመጥ ለሚወድ ሰው የተመቸ ቦታ ነው። በመኪና መውጣት ለሚመርጥ ደግሞ ቦሪያስ ፓስ የተባለው የጥንት የባቡር ሐዲድ መስመር ዛሬ የጠጠር መንገድ ሆኖ እስከ 3,500 ሜትር ያደርሳል። ሐዲድ የነበረ መንገድ ስለሆነ አቀበቱ አይከፋም፤ ጉድጓዱ ግን ትናንሽ መኪናዎችን ያንገላታል።

በዲሎን ሐይቅ መዋኘት ይቻላል?

አይቻልም። ከፍሪስኮ አጠገብ ያለው ዲሎን ተፈጥሯዊ ሐይቅ ሳይሆን በ1963 የተጠናቀቀ ግድብ ያጠራቀመው ውኃ ነው። ለግድቡ ሲባል የቀድሞዋ ዲሎን ከተማ ከቦታዋ ተነስታ ወደ ላይ እንድትሰፍር ተደርጓል። ውኃው በተራሮቹ ሥር በተቦረቦረ 37 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ዋሻ አልፎ ለዴንቨር ሕዝብ የመጠጥ ውኃ ስለሚሆን መዋኘት ክልክል ነው፤ የዴንቨር ነዋሪ ከሆኑ ከቧንቧዎ የሚጠጡት ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጀልባና ካያክ ግን ከዲሎንም ከፍሪስኮም ወደብ ይከራያል። ውኃው በሰመርም እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሳይለብሱ አይግቡበት። ንፋሱ ከቀትር በኋላ ስለሚነሣም ጧት ይምረጡ።

አራት ሺህ ሜትር የሚያልፍ ተራራ ብንወጣስ?

ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው ኳንደሪ ፒክ 4,348 ሜትር ይደርሳል፤ ከኮሎራዶ ታላላቅ ተራሮች ለጀማሪ የሚመከረው እሱ ነው። «ለጀማሪ» መባሉ ግን አያታልልዎት። ብዙ ሰዓት የሚፈጅ አቀበት ነው፤ በዕረፍት ስም ከሄደ ቤተሰብ መካከል የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ያ ሰው ለብቻው ቀን ይያዝለት። በሰመር ወራት በግርጌው መኪና ለማቆም አስቀድሞ ቦታ ማስያዝና መክፈል፣ ወይም በማመላለሻ መኪና መሄድ ግዴታ ነው።

ከሁሉም በላይ መብረቁን ይፍሩ። ዛፍ ከሚያቆምበት ከ3,500 ሜትር ገደማ በላይ መጠለያ የለም። ሰሜን ተራራ ላይ ከአስታው በላይ ጅብራው ብቻውን እንደሚቆም፣ እዚህም ከጥዱ በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ከቀትር በፊት ወደ ዛፉ መስመር መመለስ የአካባቢው ሕግ ሆኗል። ደመና መጠቆር ከጀመረ አናቱ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም ተመለሱ።

ምን ዓይነት ልብስ ይያዝ?

ጧትና ማታ ሹራብና ጃኬት፣ ቀን ከናቴራ፣ ሁልጊዜም በቦርሳ ውስጥ የዝናብ ልብስ። በጁላይ ቀኑ ከ20 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሌሊቱ ግን ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል። ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት «እኛ ጥቁሮች ነን» ተብሎ የሚተው አይደለም፤ በከፍታ ላይ የፀሐዩ ጨረር ስለሚበረታ ከንፈርና አፍንጫ ይላጣል። ጋቢ ይያዙ፤ የአልጋ ልብሱ ቢሳሳ እሱ አለ።

የዱር እንስሳት አደጋ ያደርሳሉ?

ሰው ድብን ይፈራል፤ ብሬከንሪጅ በምትገኝበት በሰሚት ካውንቲ ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን ሙስ የተባለውን ከፈረስ የሚበልጥ ግዙፍ የአጋዘን ዘር ነው። በወንዝ ዳር ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆሞ ሲበላ ገራም ይመስላል፤ ግልገል ያላት ሴት ወይም ውሻ የቀረበው ሙስ ግን ድንገት ያጠቃል። ካዩት ብዙ ርቀት ይጠብቁ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ከለጠፈ ከትልቅ ዛፍ ጀርባ ይሁኑ። ፎቶ ለማንሳት መጠጋት የሞኝ ሥራ ነው። ድብን በተመለከተ ምግብና ቆሻሻ መኪና ውስጥም ሆነ በረንዳ ላይ አለመተው በአብዛኛው ይበቃል፤ የድቡ አፍንጫ ከተዘጋ በር ውስጥ ያለ ዶሮ ወጥ ይሸትተዋል።

ጉዞው በፍልሰታ ጾም ላይ ቢውልስ?

ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሚሆን ብዙ ቤተሰብ ይህን ይጠይቃል። የጾም ምግቡ አያስቸግርም፤ ሽሮና ምስር ከቤት ይሄዳል። ጥያቄው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም የማይቀምሱ ሰዎች ጉዳይ ነው። በደረቅ አየርና በከፍታ ላይ ያለ ውኃ መዋል ከቆላው ይከብዳል፤ ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ረጅም የእግር ጉዞ ባይያዝና ከጎንዶላውና ከወንዙ ዳር ባይርቁ ይሻላል። መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪማቸው ጋር አስቀድመው ቢነጋገሩ መልካም ነው።

በሰመር ስኪ የሚደረግበት ቦታ ፈጽሞ የለም?

ብሬከንሪጅ በጸደይ መገባደጃ ይዘጋል። በአቅራቢያው ያለው አራፓሆ ቤዝን በከፍታው ምክንያት ብዙ ጊዜ እስከ ጁን መጀመሪያ፣ በረዶ በበዛበት ዓመት ደግሞ ከዚያም አልፎ ይሠራል። ስኪ የእኛ ነገር አይደለም የሚል ካለ፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ በሜዳ ላይ ስኪ መወዳደሩን፣ በ2010ም በቫንኩቨር መድገሙን ልብ ይሏል።

ሴፕቴምበር ላይ ብንሄድ ይመሻል?

አይመሽም፤ ሌላ መልክ ይኖረዋል እንጂ። የተራራው መጫወቻዎች ከሴፕቴምበር መጀመሪያ በኋላ ስለሚዘጉ ልጆች ቅር ሊላቸው ይችላል፣ ትምህርትም ተከፍቷል። በምትኩ የአስፐኑ ቅጠል ወደ ወርቃማ ቢጫ ይለወጣል፤ በዚህ አካባቢ ብዙውን ጊዜ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ባሉት ሁለት ሳምንታት ማለት ነው። አደይ አበባ በማይበቅልበት አገር ተራራው በሙሉ በዚያው ሰሞን ቢጫ መልበሱ ለእኛ ለብቻችን የሚነግረን ነገር አለ። የቦሪያስ ፓስ መንገድ በእነዚያ ቅዳሜና እሑዶች በመኪና ስለሚጠቀጠቅ፣ በሥራ ቀን ይሂዱ፤ ካልሆነም ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ከአስፋልቱ ጫፍ ይድረሱ። ብርሃኑ ቅጠሉን ሲመታው ማየት የሚገባውም ያን ጊዜ ነው።